ስጋት ስንል የትኛውን ነው?

ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው፤ ቡና ካላችሁ ይዛችሁ ተቀመጡ።

ሥራዬ የመረጃ ደህንነት ነው። ይህን ለሰው ስናገር ብዙ ጊዜ የሚመጣልኝ መልስ «እስቲ የተዘጋብኝን ፌስቡክ ክፈትልኝ» የሚል ነው። እሱን ለምጄዋለሁ። ያልለመድኩት ስብሰባ ላይ ሁላችንም «ስጋት፣ ስጋት» እያልን ሦስት የተለያየ ነገር ስናወራ መዋላችንን ነው።

አንዱ «ትልቁ ስጋታችን ሀከር ነው» ይላል። ሌላዋ «የለም፣ ስጋታችን ያ ለዓመታት ያልታደሰው ሰርቨር ነው» ትላለች። የፋይናንሱ ሰው ደግሞ «ስጋቱማ የደንበኛ ገንዘብ መጥፋቱ ነው» ይላል። ሁሉም ልክ ናቸው፤ ግን እየተግባቡ አይደለም። መጨረሻ ላይ ድምፁ የጎላው ያሸንፍና አንድ ውድ ዕቃ ይገዛል። ሰርቨሩ እዚያው እንደነበረ ይቀራል።

በሙያው ቋንቋ እነዚህ ሦስት ቃላት ናቸው። ሀከሩ «ትሬት» ነው፤ እኔ አደጋ አምጪ እለዋለሁ። ያልታደሰው ሰርቨር «ቫልነረቢሊቲ» ነው፤ ክፍተት በሉት። «ሪስክ» ወይም ስጋት የምንለው ደግሞ አደጋ አምጪው በዚያ ክፍተት ገብቶ ሀብታችንን ቢያገኘው ምን ያህል እንጎዳለን፣ የመሆን ዕድሉስ ምን ያህል ነው የሚለው ነው። ሁለቱ አንድ ላይ ይመዘናሉ።

ይሄ የቃላት ጨዋታ አይደለም። ሌባን ከምድር ላይ ማጥፋት አልችልም፤ መስኮቴን መዝጋት ግን እችላለሁ። ቃላቱን ካልለየን ጉልበታችንን የማንችለው ላይ እንጨርሰዋለን። ደግሞ አደጋ አምጪ የግድ ክፉ ሰው መሆን የለበትም። የመብራት መቋረጥም፣ ጎርፍም፣ ኪቦርድ ላይ ሻይ የደፋ ሠራተኛም አደጋ አምጪ ነው።

ነገሩ የትልልቅ መሥሪያ ቤቶች ጣጣ ብቻ የሚመስላችሁ ካላችሁ እናቴ ሰፈር የሆነውን ላውራችሁ።

እድራቸው ድሮ መዝገቡ ትልቅ ጥራዝ ነበር። በኋላ ኮሚቴው ሥራውን ላዘምን አለና አንድ ጎበዝ ወጣት ሁሉንም ወደ ኤክሴል ገለበጠው። ሥራው ንጹሕ ነበር፤ ድምሩ በራሱ ይወጣል፣ ማን ስንት ወር እንዳልከፈለ በቀለም ይታያል። ችግሩ ፋይሉ ያለው በልጁ ላፕቶፕ ላይ ብቻ መሆኑ ነበር። ላፕቶፑ ተሰረቀ። ብዙም ሳይቆይ የአንዲት ጎረቤታችን ባል አረፉ።

በደንቡ መሠረት ውዝፍ ያለበት አባል ሙሉ ክፍያ አያገኝም። መዝገብ የለም። ከኮሚቴው አንዱ «የጥቂት ወር ውዝፍ ያለባቸው ይመስለኛል» አሉ። ሰውየው ክፉ ሆነው አይደለም፤ የመሰላቸውን ነው የተናገሩት። ግን በዚያች «ይመስለኛል» ምክንያት ሐዘንተኛዋ ነጠላቸውን እንዳዘቀዘቁ ከለቅሶው መሐል ተነሥተው ቁም ሣጥን ውስጥ ደረሰኝ ፍለጋ ገቡ። እናቴ ይህን ስትነግረኝ ድምጿ ይለወጥ ነበር። «ባሏን ሳትቀብር ተበዳሪ አደረግናት» ነው ያለችው።

ያዳናቸው የቀድሞው ገንዘብ ያዥ ናቸው። ጋሼ ወረቀት አይጥሉም። የደረሰኙን ቀሪ በሙሉ በፌስታል ይዘው መጡ፤ ሟቹ እስከ መጨረሻው ወር ከፍለዋል። ገንዘቡ በዚያው ምሽት ወጣ።

የመረጃ ደህንነት ትምህርት ሲጀመር መጀመሪያ የሚነገሩ ሦስት ምሰሶዎች አሉ፤ ሚስጥራዊነት፣ ትክክለኛነት፣ ተደራሽነት። አንድ ላፕቶፕ ሦስቱንም ነቀነቃቸው። የአባላቱ ስምና ስልክ የማያውቁት ሰው እጅ ገባ፤ ሚስጥራዊነት ሄደ። በመዝገብ ፋንታ የሰው ግምት ማስረጃ ሆነ፤ ትክክለኛነት ሄደ። መረጃው በሚያስፈልግበት ሰዓት አልተገኘም፤ ተደራሽነት ሄደ። ሀከር የሚባል ሰው በታሪኩ ውስጥ የለም።

ይህ ለድሆች እድር ብቻ የሚሆን ነገር እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2017 ኖትፔትያ የተባለው አጥፊ ፕሮግራም ዩክሬን ውስጥ ከሚሠራበት የሂሳብ ሶፍትዌር ተነሥቶ ዓለምን ሲያዳርስ፣ ሜርስክ የተባለውን የዴንማርክ ግዙፍ የመርከብ ድርጅት መታው። የድርጅቱን ኔትወርክ ተጠቃሚዎች መዝግበው የሚይዙት ሰርቨሮች ወደ 150 ገደማ ነበሩ፤ አንዱ የሌላው መጠባበቂያ እንዲሆን እርስ በርስ የተያያዙ። ሁሉም አንድ ላይ ጠፉ። አንድ ብቻ ተረፈ፤ ጋና ያለው። ለምን ተረፈ? ጥቃቱ ሲደርስ እዚያ መብራት ጠፍቶ ስለነበር! ዳታውን በኢንተርኔት እንዳይልኩት መስመሩ ቀጭን ሆነ። ሰው እንዳይልኩ የጋናዎቹ ሠራተኞች የእንግሊዝ ቪዛ የላቸውም። ስለዚህ አንዱ ሠራተኛ ሃርድ ዲስኩን ይዞ ናይጄሪያ በረረ፣ አየር ማረፊያ ለሌላ ባልደረባ አስረከበ፣ እሱ ወደ ለንደን ወሰደው። ድርጅቱ ጉዳቱን እስከ 300 ሚሊዮን ዶላር ገምቶታል።

የጋናው ሰርቨር የጋሼ ፌስታል ነው። ልዩነቱ ጋሼ አስበውበት ማስቀመጣቸው ነው፤ ሜርስክን ያዳነው ዕድል ነው። ከዚህ የምንማረው፣ ከዋናው ጋር ሁሌም የተያያዘ ቅጂ ከዋናው ጋር አብሮ እንደሚሞት ነው። አንዱ ቅጂ ተነጥሎ ይቀመጥ። ተከፍቶ ተሞክሮ የማያውቅ ባክአፕ ደግሞ ተስፋ እንጂ ባክአፕ አይባልም።

በመስኩ ብዙ ድርጅት የሚመራበት አይኤስኦ 27001 የተባለ ዓለም አቀፍ ደረጃ አለ። የ2022ቱ እትም 93 የቁጥጥር ዘዴዎችን ይዘረዝራል። ከነዚህ ውስጥ ቴክኖሎጂ ነክ የሆኑት 34 ብቻ ናቸው። 37ቱ ስለ አሠራርና ኃላፊነት፣ 8ቱ ስለ ሰው፣ 14ቱ ስለ በር፣ ቁልፍና ክፍል የመሳሰሉት ናቸው። ዕቃ በመግዛት ብቻ ደህና እሆናለሁ የሚል አለቃ ካላችሁ ይህችን ቁጥር አሳዩት።

ስጋት ከታወቀ በኋላ ደግሞ አራት መንገድ አለ፤ አደገኛውን ሥራ መተው፣ ስጋቱን መቀነስ፣ ከሌላ ጋር መጋራት፣ ወይም አውቆ መቀበል። አራተኛው ላይ «አውቆ» የምትለዋ ቃል ትሰመርበት። ሳያውቁ ተሸክሞ መኖር መቀበል አይባልም።

ደስ የሚለኝ፣ እኛ ለዚህ ነገር ባዳ አይደለንም። እድር ራሱ ስጋትን መጋራት ነው። ሊቀመንበር፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ለየብቻ መሆናቸው፣ የባንክ ብር በአንድ ሰው ፊርማ ብቻ እንዳይወጣ ማድረጋችን፣ የሙያው መጻሕፍት «የኃላፊነት ክፍፍል» እያሉ የሚያስተምሩት ነው። ወደ ኮምፒውተር ስንገባ ግን ሁሉን ለአንድ ጎበዝ ልጅ አስረክበን እፎይ እንላለን። መዝገቡን ስናዘምን ጥንቃቄውን ጥለነው መጣን።

አሁን የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሚባል ሕግም አለን። የሰው ስምና ስልክ መያዝ ኃላፊነት መሆኑን ማወቅ ደግ ነው።

እድር፣ እቁብ፣ ማኅበር ወይም ሱቅ ያላችሁ፣ ዛሬ ማታ ሦስት ነገር ጠይቁ። መዝገባችን የት ነው ያለው? ያ ዕቃ ነገ ቢጠፋ ሁለተኛው ቅጂ የት ነው? እሱንስ ከአንድ ሰው በላይ መክፈት ይችላል ወይ? መልሱን ኮሜንት ላይ አትጻፉልኝ፤ እሱም መረጃ ነው። ለኮሚቴያችሁ ንገሩ።