ጥር በጎንደር፦ ነጭ ልብስ፣ የጠዋት ፀሐይና ልጆች

የፋሲል መዋኛ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ ነው። ጥር ሲቃረብ ከቀሃ ወንዝ በቦይ ውሃ ይለቀቅበትና ቀስ በቀስ ይሞላል። በዚያ ሰሞን ወደ ግቢው የገባ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ውሃውን ሳይሆን ዛፎቹን ነው። ሥሮቻቸው የድንጋዩን አጥር ከላይ እስከ ታች እንደ ጣት ጨብጠው ይዘውታል። ልጆች ደግሞ እዚያ ሥር ላይ ሳይወጡ አይሆንላቸውም። ለእኔ የጎንደር ሥራ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ጥር ለፎቶ አንሺ የእረፍት ወር አይደለም። ከገና በኋላ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ሰርጉ፣ መልሱ፣ ክርስትናው ይደራረባል። ጎንደር ላይ በዚህ ሁሉ ላይ ጥምቀት ይጨመርበታል። ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ገደማ ስለሆነ ከውጭ የመጡ ቤተሰቦች ልጆቻቸውን ይዘው «አያታችሁን እዩ» እያሉ የሚሰባሰቡት በዚሁ ሰሞን ነው። ጉዞ ከማሰባችሁ በፊት የአካባቢውን ሁኔታ እዚያው ካለ ዘመድ ጠይቁ፤ ማረፊያም አስቀድማችሁ ያዙ።

የከተራ ዕለት፣ ጥር 10 ከሰዓት በኋላ፣ ታቦታቱ ከየአድባራቱ ወጥተው ወደ መዋኛው ይወርዳሉ። ከፋሲል ግንብ እስከ መዋኛው ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በሕዝቡ መሐል ግን ሰዓታት ይፈጃል። ብዙ አባቶች ልጃቸውን ትከሻቸው ላይ አውጥተው ያስነሱታል። መጥፎ አይደለም። እኔ ግን ተንበርክኬ ካሜራውን በልጁ ዓይን ትክክል ማድረጉን እመርጣለሁ። ከዚያ ሲታይ የአዋቂው ቀሚስ ነጭ ግድግዳ ይሆናል፤ የጥላው ዘርፍ ከሰማይ የተንጠለጠለ ይመስላል፤ ልጁ የእናቱን ነጠላ ጫፍ እንደ ገመድ ይዞ ይሄዳል። በዓሉን እሱ የሚያየው እንዲህ ነው። ከላይ ወደ ታች ከተነሳ የምናገኘው የልጁን አናት ብቻ ነው።

ነጭ ልብስ ያምራል፤ ካሜራን ግን ያታልላል። በፎቶው ውስጥ ነጭ ሲበዛ ካሜራው ብርሃኑ የበዛ መስሎት ያጨልመዋል፤ የሚጠቁረው ታዲያ ፊት ነው። በስልክ የምታነሱ ከሆነ ጣታችሁን የልጁ ፊት ላይ ንኩና ብርሃኑን ትንሽ ከፍ አድርጉ። ከሁሉ የሚሻለው ግን ሰዓት መምረጥ ነው፤ ጠዋት እስከ 3 ሰዓት፣ ማታ ከ10 ሰዓት ተኩል በኋላ። በጥር የጎንደር ሰማይ ደመና ስለማያውቅ እኩለ ቀን ላይ ከዓይን ሥር ጥቁር ጥላ ይወድቃል። በዚያ ሰዓት ልጆቹን ምሳ አብሉና አስተኟቸው።

የጥምቀት ጠዋት ሌላ ነገር ነው። ጸሎቱ አልቆ ውሃው ሲባረክ ወጣቶቹ ከአጥሩ ላይ እየዘለሉ ይገባሉ። ሁሉም የሚፈልገው ያንን ቅጽበት ነው፤ ለማግኘትም ከፍ ያለ ቦታ ይፈለጋል። ልጅ ይዛችሁ ግን አትውጡ። በ2012 ዓ.ም. የጥምቀት ዕለት እዚያው ግቢ ውስጥ ለተመልካች የተሠራ የእንጨት መቀመጫ ተደርምሶ ሰዎች ሞተዋል። ቤተሰብ ሲያሠራኝ ከመጀመሪያው የምነግረው ከመውጫው አጠገብ መሬት ላይ እንደምንቆም ነው። የሚዘሉትን አናገኝም። ጠበሉ ሲረጭ ፊታቸውን የሚጨማድዱ ልጆች ግን እናገኛለን፤ እኔ ከሁለቱ የምመርጠው ይህንኑ ነው።

አንድ ዓመት ከአሜሪካ የመጡ ባልና ሚስት ሁለት ልጆቻቸውን ይዘው ወደ እናታቸው ቤት ወሰዱኝ። የሰባት ዓመቷ ልጅ አማርኛ ትሰማለች፤ አትመልስም። ታናሿ የአምስት ወር ሕፃን ነው። የተፈለገው ሦስት ትውልድ በአንድ ላይ የሚታይበት ፎቶ ነበር። አያትየው የሐበሻ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው ወንበሩ ላይ ቀጥ አሉ። አይስቁም፣ አይንቀሳቀሱም። ትንሽ ቆዩና «ምነው ልጄ፣ ለለቅሶዬ ነው የምታነሳኝ?» አሉኝ።

ሁሉም ሳቀ፤ ልጃቸው ብቻ አልሳቀችም። በአሮጊቷ ዘመን ፎቶ ለመታወቂያ ነው፤ ካልሆነም አንድ ቀን ድንኳን ውስጥ የሚቀመጥ ነው። ከሩቅ አገር የመጣች ልጅ ፎቶ አንሺ ይዛ ስትገባ ሌላ ምን ያስቡ? እውነቱን ለመናገር ልጅየዋም ያንኑ ፈርታ ነው የመጣችው።

ካሜራውን አስቀመጥኩ። ቡና ተፈላ፣ ፈንድሻ መጣ። ከአቦሉ በኋላ አያትየው የልጅቷን ፀጉር በዓይናቸው ሲመዝኑ ቆዩና በጉልበታቸው መሐል አስቀምጠው ሹሩባ ይሠሯት ጀመር። ያለምንም ማብራት፣ የተከፈተው በር ብርሃን ብቻ በቂ ነበር፤ የድሮ ቤት በር ለፎቶ ከተሠራ ስቱዲዮ አያንስም። ልጅቷ ስትወጠር «ኡፍ!» ትላለች፤ እሳቸው «ቻይ» ይላሉ። አንድም ዓረፍተ ነገር አልተለዋወጡም። ሩብ ሰዓት ሙሉ አነሳሁ።

ሕፃኑን በተመለከተ ጎረቤት ሴትዮ «ፊቱን አታሳዩት፣ ዓይን አለ» አሉ። አባትየው ሊከራከር ቃጣው። እኔ የምከተለው የቤቱን ትልቅ ሰው ነው፤ ስለዚህ የሕፃኑን እጅ በአያቱ ጣት ላይ አድርገን አነሳን። ከዚህ የሚያንስ ፎቶ አይመስለኝም።

ክርስትና ላይም እንዲሁ ጥያቄ ይነሳል። ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን፣ ብዙውን ጊዜ በጠዋት ነው። አስቀድሞ የደብሩን አስተዳደር ማስፈቀድ ያስፈልጋል። ፍላሽ አልጠቀምም፤ ብርሃን በሚያስገባ ሌንስ አንድ ጥግ ይዤ እቆማለሁ። ቄሱ ሕፃኑን ራቁቱን ተቀብለው ሲያጠምቁት፣ ሜሮን ሲቀባ፣ ማተቡ ሲታሰር እያንዳንዱ የሚወደድ ቅጽበት ነው። ግን ራቁቱን ያለበትን ቲክቶክ ላይ ልለጥፍ የሚል ወላጅ ሲመጣ አልስማማም። ቤተሰቡ በአልበሙ ይያዘው። ልጁ አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላው የክፍል ጓደኞቹ የሚያገኙት ነገር መሆን የለበትም። ይህን ውል ውስጥ እጽፈዋለሁ፤ በዚህ ምክንያት ሌላ ፎቶ አንሺ የፈለጉም አሉ። በመንገድ ለሚያጋጥሟችሁ የሰው ልጆችም ይኸው ይሠራል፤ ከረሜላ ሰጥቶ ከማንሳት በፊት እናታቸው የት እንዳለች ጠይቁ።

ፋሲል ግንብ ሳይነሱ መመለስ አይቻልም መሰለኝ፤ ሙሽራው ሁሉ እዚያ ነው። ከ1979 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ግቢ ግርማው ከባድ ስለሆነ ሰውን ይውጣል። ከሩቅ አቁመው ሙሉ ግንቡን ሲያስገቡ ቤተሰቡ ጉንዳን ያክላል። ወደ ቅስት በሮቹ ጠጋ በሉ፣ ልጆቹን ደረጃው ላይ አስቀምጡ፣ ግንቡ ከጀርባ በከፊል ቢታይ ይበቃል። ደብረ ብርሃን ሥላሴም ሂዱ፤ ጣሪያውን የሞሉትን የመላእክት ፊቶች ልጆች አንጋጠው ሲያዩ ማየት ደስ ይላል። እዚያ ውስጥ ካሜራ ባይነሳም ምንም አይጎድልባችሁም።

ከዚያ ቤት ሁለት ፎቶ በትልቁ ታተመ። የሹሩባው ወደ አሜሪካ ሄደ። አያትየው ለግድግዳቸው የመረጡት ግን ወንበሩ ላይ ቀጥ ብለው የተቀመጡበትን ነው። «በዚያኛው ነጠላዬ ተጣሟል» አሉ።