ጢንዚዛ ፍለጋ ወደ ማቺዳ

ከቶኪዮው ሺንጁኩ ጣቢያ የሚነሳው የኦዳክዩ ባቡር ወደ ደቡብ ምዕራብ ሲወርድ በመስኮቱ የሚታየው ሁሉ ቤት ነው። ፎቅ፣ ከሥሩ ሱቅ፣ ከሱቁ ጎን የብስክሌት ማቆሚያ፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ ፎቅ። መሀል ከተማው የት እንዳለቀ ሳይታወቅ ማቺዳ ይደረሳል። ጎብኚ የሚጎርፍበት ቦታ አይደለም። ቶኪዮ ለሥልጠና በቆየሁበት ጊዜ አብረውኝ የነበሩ ጃፓኖች ቅዳሜን እዚያ ላሳልፍ መሆኔን ሲሰሙ፣ ለግዢ ከሆነ እዚሁ ቅርብ ሰፈር አለ ብለው መከሩኝ። እኔ ግን የሄድኩት አንድ ልጅ ጢንዚዛ ይይዝበት የነበረውን መሬት ለማየት ነበር።

ልጁ ሳቶሺ ታጂሪ ይባላል። የተወለደው በ1965 (እ.ኤ.አ.፣ ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸውም እንዲሁ) ሲሆን ያደገው በማቺዳ ነው። በዚያን ጊዜ አካባቢው ገና ማሳ፣ ኩሬና ጫካ ነበረው። ነፍሳት መያዝ ከመውደዱ የተነሳ እኩዮቹ የነፍሳት ዶክተር ይሉት ነበር። የጃፓን ልጆች ጢንዚዛ ለመያዝ የዛፍ ቅርፊት ላይ ማር ይቀባሉ። ታጂሪ ግን ጢንዚዛ ቀን ቀን ድንጋይ ሥር እንደሚተኛ አስተዋለ፤ ስለዚህ ዛፉ ግርጌ ድንጋይ ያስቀምጥና ጠዋት መጥቶ ይገለብጠዋል። ይህን ያሰበ ልጅ በኋላ ጌም ሠሪ መሆኑ አይገርመኝም። የሚፈልጉትን ነገር የት እንደሚደበቅ አስቦ ማግኘት፣ እጅ ሲያስገቡም ልብ ድው ድው ማለቱ፣ የሥራው ሁሉ መነሻ ያ ነው።

ከዚያ ኩሬዎቹ ተደፈኑ። ዛፎቹ ተቆርጠው መኖሪያ ፎቆችና የጌም አዳራሾች ተሠሩ። ታጂሪም ሜዳውን ሲያጣ እግሩ ወደ አዳራሾቹ አመራ። የታይቶ ኩባንያው ቶሞሂሮ ኒሺካዶ የሠራው ስፔስ ኢንቬደርስ የተባለ ጌም በ1978 ወጥቶ አገሩን ሁሉ አጥለቅልቆ ነበር። ታጂሪ ከክፍል እየቀረ ይጫወት ጀመር። በ1983 ስለ ጌም ብቻ የምታወራ መጽሔት በእጁ ጽፎ፣ ኮፒ አድርጎ፣ በስቴፕለር አያይዞ ማሠራጨት ያዘ። ስሟን ጌም ፍሪክ አላት። አንባቢዋ የነበረው ኬን ሱጊሞሪ ሥዕሎቿን ሊሠራ መጣ፤ መጽሔቷም በ1989 ኩባንያ ሆነች። ጌም ቦይ የተባሉ ሁለት የእጅ ጌሞች በገመድ ተያይዘው ሲያይ ታጂሪ የታየው፣ በገመዱ ውስጥ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሄድ ነፍሳት ነበር። ስድስት ዓመት ፈጅቶ የካቲት 1996 ላይ ፖኬሞን የተባለው ጌሙ ወጣ።

ማቺዳ ውስጥ ሴሪጋያ በተባለው ፓርክ መንገድ ላይ የፍሳሽ ጉድጓድ ክዳኖች የፖኬሞን ሥዕል ተቀርጾባቸው አየሁ። ውሃው ዳር መረብ የያዙ ልጆች ጎንበስ ብለው ይፈልጋሉ። ከፖኬሞኖቹ አንዱ ሆዱ ላይ ክብ ጥምዝ መስመር አለው። ታጂሪ እንደተናገረው ያ መስመር የእንቁራሪት ጫጩት አንጀት ነው፤ ከውሃ ሲያወጧት ቆዳዋ ስስ ስለሆነ አንጀቷ በውጭ ይታያል። ይህን የሚያውቀው አንድ ጊዜ መዳፉ ላይ አድርጎ ያያት ልጅ ብቻ ነው። የዓለም ልጆች ሁሉ የሚያውቁት ሥዕል የተቀዳው ዛሬ አስፋልት ከለበሰ ኩሬ ነው። እዚያ ቆሜ ብዙ አሰብኩ።

እኛ ሰፈር ጢንዚዛ ይያዝና እግሩ በክር ታስሮ ይለቀቃል። ክሩን የያዘው ልጅ ከጢንዚዛው ኋላ ይሮጣል፤ የቀረነው ከልጁ ኋላ። የምንሮጥበት ሜዳ በቆርቆሮ ከታጠረ በኋላ ጨዋታችን ወደ ጎረቤት ሳሎን ገባ። የቤቱ ትልቅ ልጅ ከመርካቶ የተገዛ፣ የጃፓኑ ኒንቴንዶ ኩባንያ የሠራውን ፋሚኮም የተባለ የጌም ማጫወቻ አስመስለው የሠሩት ዕቃ ነበረው። ካሴቱ ቢጫ ነው፤ ላዩ ላይ 9999 ጌም አለው ይላል፤ ውስጡ ግን ጥቂቶቹ ናቸው እየተደጋገሙ የሚመጡት። ጆይስቲኩ ሁለት፣ እኛ ግን ቤቱን የምንሞላ ነን። ሲሞትበት ይለቃል፣ ሕጉ ይኸው ነው። እትዬ ከጓዳ ሆነው ቲቪውን ታቃጥሉታላችሁ ይሉናል፤ ዜና ሲደርስ ይዘጋል።

የመጀመሪያው ጌሜ ማሪዮ ነው። አንድም ፊደል ሳላነብ ተጫወትኩት። ይህ በአጋጣሚ የሆነ እንዳልሆነ የገባኝ ካደግኩ በኋላ ነው። የኒንቴንዶው ሺጌሩ ሚያሞቶ በ1985 ያወጣው ይህ ጌም የመጀመሪያው ክፍሉ ራሱ አስተማሪ ነው። ማሪዮ ስክሪኑ ግራ ጥግ ላይ ፊቱን ወደ ቀኝ አድርጎ ይቆማል፤ ስለዚህ ልጅ ሁሉ ወደ ቀኝ ይሄዳል። ወዲያው አንድ ጠላት ይመጣል፤ ካልዘለልክ ትሞታለህ፤ ከሞትክም ወደ መነሻው የምትመለሰው ጥቂት እርምጃ ብቻ ነው። ቀጥሎ ሳጥኑን ስትመታ እንጉዳይ ይወጣና ይንከባለላል፤ ከቱቦው ጋር ተጋጭቶ ወደ አንተ ይመለሳል። ፈርተህ ልትሸሽ ብትልም ከላይ ያሉት ጡቦች ዝላይህን ይከለክሉሃል። ይነካሃል፤ ትገዝፋለህ። በዚያች ቅጽበት እንጉዳይ ወዳጅ መሆኑን ማንም ሳይነግርህ አወቅህ። ከኪዮቶ ወጣ ባለች ሶኖቤ በተባለች ገጠር ያደገው ሚያሞቶ፣ በልጅነቱ ዋሻ አግኝቶ በመብራት እየታገዘ ወደ ውስጥ ይገባ እንደነበር ይናገራል። የእሱ ጌም ውስጥ ቱቦ ሥር መግባት ለምን ልብ እንደሚያንጠለጥል ከዚህ ይገባኛል። ይህ ሁሉ ታዲያ የተከተተው 40 ኪሎባይት ውስጥ ነው፤ በቴሌግራም ከምንላላከው ከአንድ ፎቶ ያነሰ። ቦታ ለመቆጠብ ደመናውና ቁጥቋጦው አንድ ሥዕል ናቸው፤ ቀለማቸው ብቻ ይለያል።

በኋላ ፕሌይስቴሽን መጣ፤ በየሰፈሩ ጌም ቤት ተከፈተ። እዚያ የምንከፍለው በጆተኒ ሕግ ነበር፦ ተሸናፊ ከፋይ። እኔ ግን ልቤ የቀረው የድሮው ዕቃ ላይ ነው። ዛሬም የተበላሸ ጌም ሳገኝ እፈታለሁ፤ የካሴቱን ጥርስ በጥጥና በአልኮል እጠርጋለሁ። በልጅነታችን የምናውቀው እፍ ማለት ብቻ ነበር፤ የትንፋሹ እርጥበት ብረቱን ያዝጋል።

ቶኪዮ ሳለሁ አኪሃባራ የተባለውን የኤሌክትሮኒክስና የጌም ሰፈር በሩጫ ነው ያየሁት፤ ግርግሩ ያደክማል። ሱፐር ፖቴቶ በተባለው የድሮ ጌም ሱቅ ግን ቆየሁ። እውነተኛውን ፋሚኮም በእጄ የያዝኩት እዚያ ነው። ቀይና ነጭ ነው፤ በ1983 ሲወጣ 14,800 የን ይሸጥ ነበር። ጆይስቲኮቹ አይነቀሉም፤ ሁለተኛው ላይ በማስጀመሪያው ቁልፍ ፈንታ የማይክ ቀዳዳዎችና የድምፅ ማስተካከያ አለ። ዜልዳ በተባለው የ1986 ጌም ውስጥ ጆሯቸው ትልልቅ የሆኑትን ጭራቆች ማይኩ ላይ ጮኸህ ትገድላቸዋለህ። ጃፓን ውስጥ ስንቱ ሕፃን ሳሎኑ መሀል ቆሞ እንደጮኸ አሰብኩ። የእኛው ማይክ አልነበረውም፤ ጩኸቱ ግን አልቀረም።

ከቶኪዮ ወጥቼ የሄድኩባት፣ ኪዮቶ አጠገብ ያለችው ኡጂ በሻይዋ የታወቀች ናት። የኒንቴንዶ ሙዚየም እዚያ የተከፈተው በጥቅምት 2024 ነው፤ ሕንፃው በ1969 የተሠራ የኩባንያው ፋብሪካ ነበር። በዕጣ ነው ትኬት የሚገኘው። ላይኛው ፎቅ ላይ ከ1889 ጀምሮ ይታተሙ ከነበሩት የአበባ ካርታዎች አንስቶ ዕቃው ሁሉ ተደርድሯል፤ ማብራሪያ ጽሑፍ ግን እምብዛም የለም። ይህን ወደድኩት። አባት ለልጁ፣ እናት ለልጇ እየጠቆሙ ራሳቸው ይተርካሉ፤ አዳራሹ በዚህ ትረካ የተሞላ ነው።

ታችኛው ፎቅ ላይ ለመጫወት ከመግቢያው ጋር 10 የጨዋታ ሳንቲሞች ይሰጣሉ። አንዱ መጫወቻ ሰው የሚያክል ጆይስቲክ ነው፤ አንዱ መሄጃውን ሲይዝ ሌላው መዝለያውን ይጫናል። እኔ ብቻዬን ነበርኩ። የልጅ ልጃቸውን ይዘው የመጡ አንድ አዛውንት ግራ መጋባቴን አይተው፣ ልጁን ለተመልካችነት አስቀምጠው ከጎኔ ቆሙ። እኔ መሄጃውን ያዝኩ፤ እሳቸው መዝለያውን። ቋንቋ የለንም። ጠላት ሲመጣ «ሃይ!» እላለሁ፤ እሳቸው በሙሉ ክብደታቸው ይጫናሉ። እንጉዳዩን በላን፤ ከቱቦዎቹ አለፍን፤ ጉድጓዱ ላይ ስንደርስ ዘገዩና ወደቅን። ልጁ በሳቅ ሞተ።

ወጥተን በስልክ አስተርጓሚ ስናወራ፣ ኢትዮጵያም ማሪዮ ነበረ ወይ ብሎ ልጁ ጠየቀኝ። ስለ ቢጫው ካሴት፣ ስለ እትዬ፣ ስለ ተሸናፊ ከፋይ ነገርኩት። አዛውንቱ ይህን ሲያነቡ ብድግ ብለው ሄዱና ሦስት ቀዝቃዛ ሻይ ገዝተው መጡ፤ የዘገየሁት እኔ ነኝ አሉ። ተማሪ ሳሉ ስፔስ ኢንቬደርስ በየቡና ቤቱ ጠረጴዛ መስታወት ሥር ይገጠም እንደነበር፣ ስኒያቸውን ላዩ ላይ አስቀምጠው የ100 የን ሳንቲሞቻቸውን እንደጨረሱ አጫወቱን። ልጁ ጠረጴዛው ራሱ ጌም ነው መባሉን አላመነም። እኔ በስልኬ የጆተኒ ፎቶ አውጥቼ ይህም ጠረጴዛ ነው አልኩት። ዘንጎቹን በጣቱ አጉልቶ አየና እንዴት እንደሚሽከረከር እንዳሳየው ለመነኝ፤ ባቡሬ እስኪደርስ በሁለት እስክሪብቶ አሳየሁት።