ጥሬው ፎቶግራፍና የታጠበው

አማርኛ ፎቶግራፍን «ያነሣል»። የእናቴ ቋንቋ ትግርኛ ግን ፎቶግራፍን ይሥላል እንጂ አያነሣም፤ ብሩሽ የያዘውም ሆነ ካሜራ የያዘው ሰው በትግርኛ «ሰኣሊ» ይባላል። እዚህ በካምፓላ የሚነገረው ሉጋንዳ ደግሞ ፎቶግራፍን «ኤኪፋናኒ» ይለዋል፤ ቃሉ «መምሰል» ከሚለው ግሥ የወጣ ስለ ሆነ ከአማርኛው «ምስል» ጋር በትርጉም ወንድማማች ነው። እንደ እኔ አማርኛን ከሌላ ቋንቋ ተሻግረው ለሚማሩ የመንግሥት ሠራተኞች ይህ ልዩነት የቃላት ጨዋታ ብቻ አይደለም። አንዱ ቋንቋ ፎቶግራፍ ከፊት ያለውን እንዳለ ማንሣት ነው ሲል፣ ሌላው የሰው እጅ ያለበት ሥራ ነው ይላል። «ፎቶውን ነካክቶታል» ተብሎ የሚወቀሰው ባለሙያም በነዚህ በሁለቱ መካከል ቆሞ ይገኛል።

ኮሎሎ ከካምፓላ ኮረብታዎች አንዱ ነው። መስከረም 29 ቀን 1955 ዓ.ም. የእንግሊዝ ሰንደቅ ዓላማ ወርዶ የኡጋንዳ ሰንደቅ ዓላማ የተሰቀለበት ሜዳ እዚሁ ይገኛል፤ ዛሬም ኤምባሲዎችና ሰፋፊ ግቢ ያላቸው ቤቶች የሚበዙበት ሠፈር ነው። በበዓል ቀን ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ነጠላችንን እንደ ለበስን ከአንዱ ወዳጃችን ግቢ ተሰብስበን ፎቶግራፍ እንነሣለን። ችግሩም ከዚህ ይጀምራል። ከተማው ከምድር ወገብ የሚርቀው 35 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ስለ ሆነ የቀትር ፀሐይ ከአናት ላይ ትቆማለች፤ ግንባርን ታበራና ዓይንን በቅንድብ ጥላ ውስጥ ትቀብረዋለች። ሸሽተን ከማንጎ ዛፍ ሥር ብንቆም ቅጠሉ በፊታችን ላይ አረንጓዴ ብርሃን ያፈስብናል። ከሁሉ የሚብሰው ግን ነጠላው ነው። አዲስ ነጠላ በፀሐይ የሚመልሰው ብርሃን ጠይም ፊት ከሚመልሰው ብዙ እጥፍ ይበልጣል። የሰው ዓይን ሁለቱንም አስማምቶ ያያል፤ ካሜራ ግን ለፊት ቢያደላ የነጠላው ጥለትና ሽመና ጠፍቶ ኖራ የተቀባ ግድግዳ ይመስላል፣ ለነጠላው ቢያደላ ደግሞ ፊት ይጨልማል።

በዚህ ጊዜ ብልህ ባለሙያ ካሜራውን በእንግሊዝኛ «ሮው»፣ ማለት «ጥሬ»፣ በሚባለው ስልት ያዘጋጀዋል። ስያሜው ተገቢ ነው፤ የሚገኘው ፋይል ገና ያልበሰለ ነገር እንጂ ያለቀለት ሥዕል አይደለምና። በካሜራው ውስጥ ብርሃን የሚቀበለው ገበታ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ነጠብጣቦች አሉት። በብዙዎቹ ካሜራዎች እያንዳንዱ ነጠብጣብ ከቀይ፣ ከአረንጓዴና ከሰማያዊ ብርሃን አንዱን ብቻ እንዲያሳልፍ ማጣሪያ ተደርጎለታል፤ ግማሹ አረንጓዴ፣ ሩቡ ቀይ፣ ሩቡ ሰማያዊ ነው። ይህን አደራደር ያሰበው ብራይስ ቤየር የተባለ የኮዳክ ኩባንያ መሐንዲስ ሲሆን የፈጠራ መብቱ የተሰጠው በ1968 ዓ.ም. ነው። ጥሬው ፋይል እያንዳንዱ ነጠብጣብ ምን ያህል ብርሃን እንደ ተቀበለ መዝግቦ ያስቀምጣል። «ጄፔግ» የሚባለው የተለመደው ፋይል ግን ካሜራው ራሱ ነጩን ከወሰነ፣ ቀለሙን ካደመቀና ትርፍ ነው ያለውን ከጣለ በኋላ የሚያቀርበው ነው። በጄፔግ አንድ ቀለም ከጨለማ እስከ ብርሃን 256 ደረጃ አለው፤ በ14 ቢት የተመዘገበ ጥሬ ፋይል ግን 16,384 ደረጃ ይይዛል። ስለዚህ ባለሙያው ሲያነሣ ለነጠላው ይጠነቀቃል፤ ፊቱን በኋላ ከጨለማው ቀስ አድርጎ ያወጣዋል። በጄፔግ ይህን ቢሞክር ፊቱ ይዥጎረጎራል። በእርግጥ ነጠላው ከልክ በላይ በርቶ ከነጨረሰው ጥሬውም ፋይል አያድነውም፤ ያልተመዘገበ ነገር ከየት ይመጣል?

«ያልተነካ ፎቶግራፍ ይሻላል» የሚሉ ሰዎች ጄፔጉ ያልተነካ ይመስላቸዋል። ነገር ግን ስለ ቆዳችን ቀለም በሩቅ አገር ፋብሪካ የተቀመጠ መሐንዲስ አስቀድሞ ፈርዶበታል። ነገሩ አዲስ አይደለም። በባለ ቀለም ፊልም ዘመን ኮዳክ ለማጠቢያ ቤቶች የሚልከው የቀለም መለኪያ ካርድ «ሸርሊ» ይባል ነበር፤ በካርዱ ላይ ለብዙ ዓመታት የምትታየው ነጭ ሴት ነበረች፤ የኛም ፊት የሚለካው በእርስዋ ነበር። ባለሙያው ጥሬውን ሲይዝ ፍርዱን ከፋብሪካው ወስዶ ሰዎቹን በዓይኑ ላየው ለራሱ ያደርገዋል።

አማርኛ ይህን ሥራ «ማጠብ» ይለዋል፤ ፊልምና ኬሚካል ከቀሩ በኋላም እንኳ ፎቶ ይታጠባል እንላለን። ከአጤ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ከቤድሮስ ቦያጂያን ዘመን አንሥቶ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ፎቶግራፍ ከጨለማ ክፍል ሳያልፍ ከባለቤቱ እጅ አይገባም ነበር። በየአገሩ ስቱዲዮ በነጋቲቩ ላይ በቀጭን እርሳስ የፊትን መጨማደድ የሚያስተካክሉ ባለሙያዎች ነበሩ። የዛሬው ጥሬ ፋይል የዚያ ነጋቲቭ የልጅ ልጅ ነው፤ ልዩነቱ፣ በእርሳስ የተነካ ነጋቲቭ ተነክቶ ሲቀር፣ በጥሬው ላይ የሚሠራው እርማት ግን ለብቻው እንደ ትእዛዝ ስለሚመዘገብ መነሻው ሳይነካ መኖሩ ነው።

የዚህን ጥቅም የተረዳሁት በእናቴ ፎቶግራፍ ነው። ከአዲግራት ልትጠይቀን በመጣች ጊዜ አንድ ሙያውን የሚያውቅ ትሑት ወጣት በግቢያችን አነሣት። ፎቶግራፉን በሦስተኛው ቀን አመጣልን፤ ነጠላዋ ከነጥለቱ ይታያል፣ አረንጓዴው ብርሃን ጠፍቷል፣ ዓይኖችዋ በርተዋል። እናቴ አተኩራ አየችውና በትግርኛ «እዚኣ መን እያ?» አለች፤ ይህች ማን ናት ማለትዋ ነው። ወጣቱ ቆዳዋን ሲያለሰልስ በግንባርዋ ላይ በልጅነትዋ የተነቀሰችውን መስቀል ጠባሳ መስሎት አጥፍቶት ኖሯል። ፎቶግራፉን የፈለገችው ከዛላምበሳ ማዶ ሰንዓፈ ላለች እኅትዋ ልትልከው ነበር፤ ከተያዩ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል፣ መስቀሉንም ሁለቱ የተነቀሱት በአንድ ቀን፣ በአንዲት ሴት እጅ ነው። ወጣቱ ነገሩ ሲገባው ደንግጦ ኮምፒውተሩን ከፈተ። ጥሬው ፋይል ስላለ በጥቂት ደቂቃ መስቀሉ ተመለሰ፤ የግንባርዋ መስመሮችም አብረው ተመለሱ። ብርሃኑንና ቀለሙን ግን እንዲተወው ለመንሁት፤ እነርሱ ያን ቀን በዓይኔ ያየኋት እናቴ ነበሩና።

ድንበሩ የት ላይ እንደሚሰመር ታላላቆቹም ቢሆኑ አልተስማሙም። በ2007 ዓ.ም. በወርልድ ፕሬስ ፎቶ ውድድር ለመጨረሻው ዙር ከተቃረቡት ሥራዎች ከመቶ 20 የሚሆኑት ከመነሻው ፋይል ጋር ሲመሳከሩ ከደንብ ውጭ የተነካኩ ሆነው ስለ ተገኙ ወደቁ። በኅዳር 2008 ዓ.ም. ደግሞ ሮይተርስ የዜና ድርጅት በግል የሚሠሩ ፎቶግራፍ አንሺዎቹ ከጥሬ ፋይል የተሰናዳ ፎቶግራፍ እንዳይልኩለት፣ ካሜራው ራሱ ያወጣውን ጄፔግ ብቻ እንዲልኩ አዘዘ። አንዱ ጥሬውን ምስክር አድርጎ ሲጠራው ሌላው የፈተና በር ነው ብሎ ዘጋው። ለዜና የሮይተርስ ጥንቃቄ ይገባኛል፤ ዜና ጊዜ የለውም። ለቤተሰብ ግን ጥሬውን እመርጣለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ጥሬ ፋይል ከጄፔግ ብዙ እጥፍ ቦታ ስለሚይዝ ፎቶ ቤቶች ለዘለዓለም አያስቀምጡትም፤ ለሠርግ ወይም ለክርስትና ባለሙያ ሲጠሩ እስከ መቼ እንደሚያቆየው መጠየቅ ይገባል። ካኖን፣ ኒኮንና ሶኒም እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ዓይነት ጥሬ ፋይል ስላላቸው፣ አዶቢ የተባለው ኩባንያ በ1997 ዓ.ም. ለሁሉም የሚሆን «ዲ.ኤን.ጂ.» የሚባል ዓይነት አውጥቷል። የእናቴን ፋይል በዚህ አስገልብጬ በሁለት ዲስክ አስቀምጫለሁ፤ አንዱ ኮሎሎ ነው፣ ሁለተኛውን እርስዋ ከቡናው ጋር በሻንጣዋ ይዛው ሄደች።