እንጨቱ የተመታው አንዴ ነው

ዛሬ ስቱዲዮ ሁለት ፋይል መጣልኝ። አንድ የሐረሪ ዝክሪ (መንፈሳዊ ዜማ) ነው፣ የተቀዳው ግን በሁለት መቅረጫ፤ አንዱ መሪው አጠገብ፣ ሌላው በሴቶቹ በኩል። መነሻው ላይ ገጠምኳቸው፤ ማሻአላህ፣ ልክክ አሉ። ሰዓት ሊሞላ ሲል ግን የእንጨት ማጨብጨቢያው «ጧ» ማለቱን ትቶ «ጧ-ጧ» ይል ጀመር። የቀዳው ልጅ «ሰው ምት ስቶ ይሆን?» አለኝ። ሐረር ጀጎል ውስጥ ምት የሚስት ቢገኝማ እናቶች እዚያው ልክ ያስገቡታል!

ጥፋቱ የማሽኖቹ ነው። እያንዳንዱ ዲጂታል መቅረጫ የራሱን ሰዓት ይዞ ይቆጥራል። ሁለቱም በሰከንድ 48,000 ናሙና ተብለው ቢሞሉም እኩል አይቆጥሩም። በሚሊዮን 20 ብቻ ቢለያዩ በአንድ ሰዓት ውስጥ 72 ሚሊሰከንድ ይራራቃሉ። ረዥም ዜማ ይህን ይሸፍነዋል፣ የእንጨት ምት ግን አይሸፍነውም። ስቱዲዮ ውስጥ ሲሆን አንዱን ማስተር እናደርጋለን፣ ሌሎቹ በወርድ ክሎክ ወይም በኦፕቲካል ኬብል የእሱን ሰዓት ይከተላሉ። ሁሉም «ኢንተርናል» ላይ፣ ማለትም በየራሳቸው ሰዓት ከቀሩ ቅጂው መሀል ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ይገባል።

ይህን ካነሳሁ አይቀር፣ አንድ ነገር እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። የአክስቴን የሠርግ ካሴት ወደ ኮምፒውተር አስገለበጥን። የገለበጠው ሰው በ44,100 የቀዳውን በ48,000 ሞልቶ ሰጠን። ፍጥነቱ 9 በመቶ ገደማ ጨመረ፣ ዜማው ከግማሽ ቶን በላይ ወጣ። ያቺ ድምፀ ወፍራም አክስቴ የአሥር ዓመት ልጅ ሆና ቁጭ! እኛ በሳቅ ፈረስን። እናቴ ግን «ይቺ እህቴ አይደለችም» ብላ ተነሣች። ኋላ አስተካክዬዋለሁ፤ በየስልኩ የተዳረሰው ግን ያ የቀጠነው ነው። የቤታችን ልጆች አክስቴን በእሱ ነው የሚያውቋት፣ ሲያንጎራጉሩም በዚያው ቅጥነት። ራስ ተፈሪ ቤት ያለው የሸሪፍ ሙዚየም የድሮ የሐረሪ ዜማ ቅጂዎችን ሰብስቦ ይዞልናል፤ በየቤቱ መደርደሪያ ላይ ያለውን ካሴት ግን ማን በጥንቃቄ ይገልብጠው?

የሐረሪዎች በዓላችን ሹዋሊድ ኅዳር 2016 በዩኔስኮ ሲመዘገብ ሁላችንም ጨፍረናል። መዝገቡ ግን የአዛውንቶቹን ድምፅ አያስቀርልንም፤ የሚያስቀረው እናንተ የምትይዙት መቅረጫ ነው። በዓሉ ወደሚከበርበት ወደ አው ሹሉም አሕመድ ለመቅዳት የምትሄዱ ልጆች፣ ሁሉንም ማይክ በአንድ መሣሪያ ሰብስቡ። ካልተቻለ መነሻውም መጨረሻውም ላይ አንድ አንድ ጊዜ አጨብጭቡ፤ በሁለቱ ጭብጨባ መካከል ያለውን ርዝመት ለክተን አንዱን ፋይል በሌላው ልክ እንስበዋለን። የዛሬውንም ያተረፍኩት በመጀመሪያውና በመጨረሻው የእንጨት ምት ነው። አዛውንቶቹን «ከመጀመሪያው ድገሙልን» አይባልም።