በልክ ቦታችን መቀመጥ

ምንባብ፦ የሉቃስ ወንጌል 14፥7–11



«ፈተና» የሚለው ቃል በእኛ አገር ሆድ የሚያባባ ቃል ነው። ፈተና ሲባል ወዲያው የሚመጣብን ማለፍና መውደቅ ነው። በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ውጤቱ በተነገረ ሰሞን በጀሞ፣ በለቡና በመካኒሳ እየዞርን ያጽናናናቸውን ቤተሰቦች አንረሳም። አንዳንዱ ልጅ ከክፍሉ አልወጣ ብሎ በበሩ ስንጥቅ ነበር የጸለይንለት። ዛሬ ግን የምናነሣው ማለፍም መውደቅም ስለሌለበት ፈተና ነው።

ከኅብረታችን አንዲት እኅት ከባለቤቷና ከትንሽ ልጃቸው ጋር በደቡብ ኮሪያ ትኖራለች። ስሟን አንጠቅስም፤ ታሪኳን ለትምህርት እንድንጠቀምበት ግን ፈቅዳልናለች። እዚህ ሳለች በሒሳብ ሥራ የተመሰከረላት ባለሙያ ነበረች፤ እንግሊዝኛዋም ጥሩ ነው። እዚያ ስትደርስ ግን ከመዋዕለ ሕፃናት የሚላክላትን ወረቀት ማንበብ አቃታት። አንድ ሌሊት ልጇ አተኮሰው፤ ባለቤቷ ሥራ ላይ ነበር። ሐኪሙ ፊት ቆማ ትኩሳቱ መቼ እንደ ጀመረው መናገር ስላልቻለች በእጇ እያመለከተች አለቀሰች። ያን ጊዜ ቋንቋውን በደንብ ለመማር ቈረጠች።

የኮሪያ የፍትሕ ሚኒስቴር ለውጭ አገር ነዋሪዎች የሚሰጠው የማኅበራዊ ውህደት ፕሮግራም አለ። ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲሠራበት የቆየ ነው፤ የረጅም ጊዜ የመኖሪያ ፈቃድ ወይም ዜግነት ለሚጠይቅ ሰውም ይጠቅመዋል። ትምህርቱ ከ0 እስከ 5 ደረጃ አለው። 0 ደረጃ 15 ሰዓት ብቻ ሲሆን፣ ፊደልና ሰላምታ የሚለመድበት ነው። ከ1 እስከ 4 ያሉት እያንዳንዳቸው 100 ሰዓት ይወስዳሉ። 5ኛው ስለ ኮሪያ ኅብረተሰብ የሚያስተምር ነው።

ከ0 መጀመር የማይፈልግ ሰው አስቀድሞ የምደባ ፈተና ይወስዳል። ፈተናው 50 የጽሑፍ ጥያቄዎች አሉት፤ 48ቱ ምርጫ፣ 2ቱ አጭር መልስ ናቸው። ከዚያ ደግሞ 5 የቃል ጥያቄዎች ይከተላሉ። ሁሉም ከ100 ይታሰባል። እስከ 20 ያመጣ 1ኛ ደረጃ፣ እስከ 40 ያመጣ 2ኛ፣ እስከ 60 ያመጣ 3ኛ እያለ ይቀጥላል። በቃል ጥያቄው 3 ነጥብ ያልሞላለት ከ0 ይጀምራል። ማንም «ወደቅህ» አይባልም፤ «ከዚህ ጀምር» ይባላል እንጂ።

ፈተናው ሲቃረብ እኅታችን ደውላ የጸሎት ርዕስ ሰጠችን። ቀደም ብሎ ፈተናውን የወሰደ አንድ የምታውቀው ሰው፣ «የማታውቂውንም በግምት ሙዪው፤ ከቀናሽ 2ኛ ወይም 3ኛ ትገቢያለሽ፤ 100 እና 200 ሰዓት ታተርፊያለሽ» ብሏት ነበር። «ፓስተር፣ ግምቴ እንዲሰምር ጸልዩልኝ» አለችን።

ርዕሱን ወደ ረቡዕ የጸሎት ፕሮግራም ወሰድነው። ወጣቶቹ «ጌታ ከፍ ያድርጋት!» እያሉ በእሳት ጸለዩ። ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት ተራቸው ሲደርስ ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ጌታ ሆይ፣ ልጄን ልክ ቦታዋ ላይ አስቀምጣት» ብለው ብቻ አሜን አሉ። እኒህ እናት ፊደል የቈጠሩት በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ፣ ልጅ ታቅፈው ነው። ጸሎታቸውን ለእኅታችን ነገርናት።

መገመት ኃጢአት ነው አላልናትም። ሕግ ባልወጣበት ሕግ ማውጣት የእረኛ ሥራ አይደለም። አንድ ጥያቄ ብቻ አስቀመጥንላት፦ «እኅቴ፣ ያልደረስሽበት ክፍል ገብተሽ ብትቀመጪ፣ ነገ ሐኪሙ ፊት የሚናገርልሽ ነጥቡ ነው ወይስ አንደበትሽ?»

ጌታችን በሉቃስ 14 የተናገረው ምሳሌ ስለ ወንበር ነው። የከበሬታውን ስፍራ ራሱ መርጦ የተቀመጠ እንግዳ በሰው ፊት ተነሥቶ ዝቅ ይላል። በዝቅተኛው ስፍራ የተቀመጠውን ግን ባለቤቱ ራሱ መጥቶ ወደ ላይ ይጠራዋል። ብዙ ጊዜ ይህን የምናነበው ስለ ትሕትና እንደ ተሰጠ ምክር ብቻ ነው። በውስጡ ግን ዕረፍትም አለ። በልክ ቦታው የተቀመጠ ሰው «መቼ ይነቃብኝ ይሆን?» ብሎ አይሳቀቅም።

መጽሐፍ ቅዱስ ሌላም የቋንቋ ፈተና ይነግረናል። በመሳፍንት 12 የገለዓድ ሰዎች በዮርዳኖስ መሻገሪያ ቆመው የሚያልፈውን ሁሉ «ሺቦሌት» በል ይሉት ነበር። «ሲቦሌት» ያለ በአንዲት ፊደል ይታረድ ነበር፤ 42,000 ሰው እንደ ወደቀ ተጽፏል። ወገኖች ሆይ፣ ብዙዎቻችን እግዚአብሔር የሚመረምረን እንደ ገለዓድ ሰዎች ይመስለናል። ስለዚህም እንሸሸጋለን። ነገር ግን በኤደን አዳምን የት እንዳለ የጠየቀው ጌታ የሚፈልገው ከተደበቀበት ሊያወጣው ነበር። በክርስቶስ ላሉት ኵነኔ እንደሌለ ሮሜ 8 ያስተምረናል። ኵነኔው ከተወገደ የሚቀረው ምርመራ እንደዚህ የምደባ ፈተና ነው፤ ከየት እንደምንጀምር ያሳየናል።

እኅታችን የምታውቀውን ሠራች፤ የማታውቀውን ባዶ ተወችው። 1ኛ ደረጃ ተመደበች። በዚያ ሳምንት ስልኳን አላነሣችም። በኋላ ስትደውል፣ «በዲግሪዬ ላይ ከአንደኛ ክፍል ጀመርኩ፤ ልጄ እንኳ አነጋገሬን ያርመኛል» አለች። አልሳቅንባትም፤ በችኰላም አላጽናናናትም። እውነት ነው፣ ያማል።

ቋንቋው ግን ሙሉ በሙሉ ባዕድ እንዳልሆነባት ቀስ በቀስ አየች። ሀንግል የሚባለው የኮሪያ ፊደል በንጉሥ ሴጆንግ ዘመን በ1443 እ.ኤ.አ. ተሠርቶ በ1446 ለሕዝብ የተገለጠ ነው። መሠረታውያን ፊደላቱ 24 ሲሆኑ፣ እየተጋጠሙ እንደ እኛ ፊደል አንድ ቀለም አንድ ላይ ይጻፋል። ግሱ እንደ አማርኛ መጨረሻ ላይ ይመጣል፤ ስለዚህ ሰውየው ምን እንዳደረገ ለማወቅ እስኪጨርስ መታገሥ ግድ ነው። ለታላቅና ለታናሽም አንድ ዓይነት አነጋገር የለም፤ «ብላ» እና «ይብሉ» እንደምንለው ነው። «እናቴ ያስተማረችኝ አክብሮት እዚህም ሠራልኝ» ብላ ሳቀች። በ1943 ዓ.ም. ወደዚያ አገር የዘመተው የቃኘው ሻለቃ ወታደሮችም ወላጆቻቸውን ያጡ የኮሪያ ሕፃናትን ሲንከባከቡ ቋንቋ አልነበራቸውም፤ ፍቅር ቀድሞ ደረሰ፣ ቃል በኋላ ተከተለ።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ይህ ነው። በመጀመሪያ የነበረው ቃል ሥጋ በሆነ ጊዜ እንደ ማንኛውም ሕፃን አፍ መፍታትን ተማረ። ሰማይንና ምድርን በቃሉ የፈጠረው ጌታ በናዝሬት ከማርያም አፍ አንዲት አንዲት ቃል ለቀመ። ሉቃስ 2 በጥበብና በቁመት ያድግ እንደ ነበር፣ በመቅደስም በመምህራን መካከል ተቀምጦ ይሰማና ይጠይቅ እንደ ነበር ይነግረናል። ስለዚህ ከ0 መጀመር ለአምላካችን ልጅ ያላሳፈረው ነገር ነው። እኛን ስለ ምን ያሳፍረናል?

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። በቤተ ክርስቲያን ስንተዋወቅ «ጌታን ከተቀበልክ ስንት ዓመትህ ነው?» እንባባላለን። ዓመት እንቈጥራለን፤ ያለንበትን ስፍራ ግን አንጠያየቅም። ሃያ ዓመት በጌታ ቤት የኖረ ወንድም ጸሎት እንዴት እንደሚጀመር ግራ ይገባዋል፤ የመሠረት ትምህርት ክፍል ገብቶ ከአዲስ አማኞች ጋር መቀመጥ ግን ያፍራል። ስለዚህ የማያውቀውን አሜን ይላል፤ በግምት ይሞላል። የዕብራውያን ጸሐፊ በምዕራፍ 5 አስተማሪዎች ሊሆኑ ሲገባቸው ገና ወተት ለሚያስፈልጋቸው የጻፈው ከማዕድ ሊያባርራቸው አልነበረም። ወተት የሚያስፈልገው ወተት ቢጠጣ ያድጋል፤ አጥንት ቢሰጡት ግን ያንቀዋል።

ገና ጌታን እየፈለጋችሁ ያላችሁ፣ መዝሙሩንም ቃሉንም ስለማታውቁ የኋላ ወንበር ላይ የምትሸማቀቁ ወዳጆቻችንም፣ እናንተ 0 ደረጃ ናችሁ ብንላችሁ ስድብ አይደለም። ክፍሉ የተከፈተው ለእናንተ ነው፤ መምህሩም አጠገባችሁ ተቀምጧል።

እኅታችን 100 ሰዓቱን ጨርሳ ዛሬ 2ኛ ደረጃ ላይ ናት። የኮሪያኛውን ስብከት ገና በሙሉ አትሰማም። ባለፈው ወር ልጇን ዳግመኛ አተኮሰው፤ ሐኪሙ ሲጠይቃት «ከትናንት ማታ ጀምሮ» ብላ በአፏ መለሰች። ሦስት ቃል ብትሆን ነው። ግን የራሷ ናት።

እንጸልይ፦ አባት ሆይ፣ መርምረን፤ የት እንዳለን አሳየን። ካልደረስንበት ወንበር በፍቅርህ አንሣን፤ በልክ ቦታችን አስቀምጠን፤ ጊዜው ሲደርስ አንተው ወደ ላይ ጥራን። በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፣ አሜን።