ከፎገራ ሜዳ ወደ ጣራ ገዳም ደን

ፎገራን አይቶ የማያውቅ አንባቢ ቢኖር በሐሳቡ አንድ ሰፊ ትሪ ይሳል። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው አውራ ጎዳና 55 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ወረታ ሲደርስ፣ በስተምዕራብ እስከ ጣና ድረስ ዓይን የሚያርፍበት ጉብታ እንኳ አያገኝም። በክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ይተኙበታል። ቀድሞ አገሩ የሚታወቀው በከብቱ ነበር፤ በ1970ዎቹ ሩዝ ከገባ ወዲህ ግን ግጦሹ እየታረሰ ማሳ ሆነ፤ እንጀራው ሳይቀር ሩዝ ይገባበታል። ሀብት መጣ፤ ጥላ ግን አልመጣም።

እኔ የባዮሎጂ መምህር ነኝ። የሰባት ዓመት ልጅ የሆነችው የእኅቴ ልጅ ግን ደን የምታውቀው ጅብ ከሚኖርበት ተረት ብቻ መሆኑን ሳውቅ አፈርሁ። ስለዚህ በጥር ወር አንድ ቅዳሜ እሷን፣ ታናሽ ወንድሟንና እናታቸውን ይዤ በሚኒባስ ወደ አዲስ ዘመን ሄድሁ። የጣራ ገዳም ደን ከዚያች ከተማ አጠገብ በተራራው ላይ ነው። የሚሄድ ሰው ውሃና ምሳ ይያዝ፤ አቀበቱም በማለዳ ይሻላል።

ሽቅብ ስንጀምር ፀሐዩ ይፋጅ ነበር። ክትክታውንና አጋሙን አልፈን ከዛፎቹ ሥር ስንገባ አየሩ ወዲያው ተለወጠ፤ ልጆቹም ማንም ሳይነግራቸው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። እኔ ዕውቀቴን ላሳይ ብዬ፣ «ይህ ኦሊያ ዩሮፒያ ይባላል» ስል እኅቴ ሳቀች።

«ወይራ ነው እንጂ! የወተት ዕቃ የምናጥንበት።»

ዩኒቨርሲቲ የላቲኑን ስም አስተምሮኛል፤ ጥዱንና ብሳናውን እየለየች ለልጆቹ ያሳየችው ግን ከአያታችን ዘንድ ያደገችው እኅቴ ነች።

«አጎቴ፣ ይህን ሁሉ ማን ተከለው?» አለች ልጅቱ።

ማንም አልተከለውም፤ ወፍ የወይራውን ፍሬ ይበላና ዘሩን ራቅ ብሎ ይጥለዋል አልኋት። ያልነገርኋት ነገር አለ። በሰሜን ኢትዮጵያ በቤተ ክርስቲያን ደኖች የተደረገው ጥናት እንደሚያሳየው፣ የአብዛኞቹ ነባር ዛፎች ዘር እንደ አረም ዘር አፈር ውስጥ ዓመታት ተኝቶ አይጠብቅም። እናት ዛፉ ከተቆረጠ፣ የበቀለውንም ችግኝ ከብት ከበላው፣ ደኑ ከአፈሩ ተመልሶ አይወጣም። በደቡብ ጎንደር አንዳንድ አድባራት ደናቸውን በድንጋይ ካብ ያጠሩት ስለዚሁ ነው፤ ድንጋዩ ከገበሬው ማሳ የተለቀመ በመሆኑ ለሞፈሩም ዕረፍት ሆኗል።

ምሳ በልተን ልንነሣ ስንል እኅቴ አንዲት የወይራ ቅርንጫፍ ዘንበል አድርጋ ያዘች። ልጅቱ እጇን ጨበጠቻት፤ «እማዬ፣ ተይው! ወፉ የተከለው ነው» አለች። እኅቴ እኔን አየችኝ። እኔ የምለው ጠፋኝ፤ በሜዳው ያለች ባለቤት ምድጃዋ ኩበትና ባሕር ዛፍ መሆኑን አውቃለሁና። ቅርንጫፉን ለቀቀችው፤ ተመልሶ ቀጥ አለ።

ቁልቁለቱን እስክንጨርስ አልተናገረችም። ከሚኒባሱ ከገባን በኋላ ግን ወደ እኔ ዞር ብላ፣ «እንግዲህ አንተ መምህሩ ንገረኝ፤ ቅሌን በምን ላጥነው?» አለች። እስከ ወረታ ድረስ መልስ አላገኘሁላትም።