የእናቴ ጣቶችና እምቢ ያለው ስፔስ ባር

አጠገባችሁ ኪቦርድ ካለ አንድ ነገር ሞክሩ። ከታች ያለውን ረጅሙን ቁልፍ፣ ስፔስ ባሩን፣ መሐሉን ትታችሁ በግራ ጫፉ ብቻ ተጫኑት። ቀኙም አብሮ ይወርዳል። ርዝመቱ ወደ 12 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል፤ ብዙ ጊዜ ወደ ላይ የሚመልሰው ኃይል ያለው ግን መሐል ላይ ብቻ ነው። ታዲያ ጫፉ ሲነካ አንዱ ጎን ወርዶ ሌላው ለምን አይንጋደድም? መልሱ ከቁልፉ ሥር የተደበቀች ቀጭን ሽቦ ናት። ሽቦዋና መያዣዎቿ አንድ ላይ ስታቢላይዘር ይባላሉ።

ስታቢላይዘር ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ከፍሪጁ አጠገብ ተቀምጦ መብራት ከፍ ዝቅ ሲል የሚያረጋጋው ሳጥን ነው። የኪቦርዱም ሥራ ከዚያ ብዙ አይርቅም። ሰፋፊ ቁልፎች ሳይንጋደዱ እንዲወርዱና እንዲወጡ ያረጋጋል። ስፔስ ባሩ፣ ሁለቱ ሺፍቶች፣ ኢንተርና ባክስፔስ አላቸው። በጤናው ጊዜ ማንም አያስታውሰውም። ሲያስቸግር ግን ሰውን ከሚወደው ሥራ ሊያስወጣ እንደሚችል ባለፈው ክረምት በእናቴ አይቻለሁ።

እናቴ 31 ዓመት በመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበረች። ሥራ የጀመረችው በአማርኛ የጽሕፈት መኪና ነው። ያ መኪና ለፊደሎቻችን ሁሉ የሚበቃ ቁልፍ ስላልነበረው ብዙዎቹ ፊደላት የሚሠሩት ምልክት እየተቀጠለባቸው ነበር፤ አንዱን ፊደል ለመጻፍ ሁለት ጊዜ መምታት ማለት ነው። እናቴ ይህን ሁሉ ቁልፉን ሳታይ በአሥር ጣቷ ትሠራው ነበር። ጡረታ ስትወጣ የሠፈራችን እድር ጸሐፊው አደረጋት። ቃለ ጉባኤውን፣ የአባላቱን ዝርዝር፣ የመዋጮውን ማስታወቂያ የምትጽፈው እሷ ናት። ለእሷ ይህ ሥራ ብቻ አይደለም፤ ከቤት የምትወጣበት፣ ሰው «እትዬ» ብሎ የሚያማክራት ቦታዋ ነው።

ከሁለት ዓመት ወዲህ ግን የጣቶቿ መገጣጠሚያ ያማት ጀመር። ሐኪሟ አርትራይተስ ነው አሏት። በተለይ በክረምት ጠዋት ጣቶቿ ቶሎ አይታዘዙላትም።

እኔ በሙያዬ የማርኬቲንግ ባለሙያ ነኝ። ከሥራ ውጭ ያለኝ ሱስ ደግሞ ሜካኒካል ኪቦርድ መገጣጠም ነው። በብዙ ተራ ኪቦርዶች ውስጥ ከቁልፎቹ ሥር አንድ የጎማ ንጣፍ ተዘርግቷል። በሜካኒካል ኪቦርድ ግን እያንዳንዱ ቁልፍ የራሱ ስዊችና የራሱ ስፕሪንግ አለው። ስለዚህ ለባለቤቱ ጣት የሚስማማውን መምረጥ ይቻላል። ለእናቴ ባለ 87 ቁልፍ መረጥኩላት፤ ስዊቾቹንም 35 ግራም በሚያህል ጫና ብቻ ከሚሠሩት ቀላሎቹ ወሰድኩ። ዕቃዎቹን ዱባይ ያለች የአክስቴ ልጅ በሻንጣዋ ይዛልኝ መጣች። ስታቢላይዘሮቹ ከፋብሪካ ቅባት ተቀብተው የተዘጋጁ ነበሩ።

በሰኔ አጋማሽ እናቴ የጻፈችውን ቃለ ጉባኤ እንዳይላት ላከችልኝ። ቃላቱ ተጣብቀዋል፤ «የእድሩአባላት» ይላል። ከሁሉ የገረመኝ ግን «ጠሰብሳቢዎች» የሚለው ነው። በብዙ የአማርኛ መጻፊያዎች «ተ» እና «ጠ» አንድ ቁልፍ ላይ ናቸው፤ የሚለያቸው ሺፍት ነው። «ነ» እና «ኘ»፣ «ቸ» እና «ጨ»ም እንዲሁ። ሺፍቱ ተጭኖ ቶሎ ካልተመለሰ «ነገ» ያላችሁት «ኘገ» ይሆናል። ስፔስ ባሩ ቶሎ ካልተመለሰ ደግሞ የሚቀጥለውን ክፍተት አይቆጥርም። በአማርኛ የሚጽፍ ሰው ሺፍትን ደጋግሞ ስለሚነካ ችግሩ ቶሎ ፊቱን ያሳያል።

ስጠይቃት ሳቅ ብላ፣ «ማሽኑማ አዲስ ነው የኔ ልጅ፤ ያረጀሁት እኔ ነኝ» አለችኝ። ለእድሩ ሊቀ መንበርም ከመስከረም ጀምሮ ሌላ ጸሐፊ እንዲፈልጉ ነግራቸው ኖሯል።

ይህን አባባሏን እንዲሁ መቀበል አቃተኝ። በሥራዬ አንድ ምርት መሸጥ ሲያቆም መጀመሪያ የሚወቀሰው ሻጩ ነው። ለመፍረድ ከመቸኮል ግን አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ እየለወጡ ማየት ይሻላል፤ ዋጋውን፣ ቀጥሎ ማሸጊያውን፣ ከዚያ ቦታውን። በእናቴ ኪቦርድም ላይ ያደረግሁት ይህንኑ ነው።

በመጀመሪያ ስፔስ ባሩን ራሴ ተጫንኩት። ጣቴ ጤነኛ ነው፤ ቁልፉ ግን እየተጎተተ ነው የተመለሰው። የፕላስቲክ ክዳኑን አነሳሁና መስተዋት ላይ ደፋሁት። አይወዛወዝም፤ አልተጣመመም ማለት ነው። መሐሉ ላይ ያለውን ስዊች ብቻውን ስነካው ፈጥኖ ብድግ አለ። የቀረው ስታቢላይዘሩ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። በቁልፉ ጫፍና ጫፍ ሁለት ትናንሽ የፕላስቲክ ቤቶች አሉ። በእያንዳንዳቸው ውስጥ ከፍ ዝቅ የምትል ተንሸራታች አለች። ሁለቱን የምታገናኛቸው ሽቦዋ ናት፤ አንዷ ስትወርድ ሽቦዋ ሌላዋን ይዛ ትወርዳለች። ልብ በሉ፤ ስታቢላይዘር የራሱ ስፕሪንግ የለውም። ቁልፉን ወደ ላይ የሚገፋው መሐል ያለው ስዊች ብቻ ነው። ጎንና ጎኑ ላይ ቅባት ከከበደ ወይም ሽቦዋ ከተጣመመች ያ አንድ ስፕሪንግ አቅም ያንሰዋል። በክረምት ብርድ ደግሞ ወፍራም ቅባት ይብሱኑ ይጠጥራል።

አቋራጭ መንገድ ነበረ። በስፔስ ባሩና በሺፍቱ ሥር ጠንካራ ስፕሪንግ ያለው ስዊች ብተካ ቁልፎቹ ይመለሱ ነበር። ግን ያ ማለት ማሽኑ ያመጣውን ሸክም በእናቴ ጣት ላይ መጫን ነው። ቀላሉን ስዊች የመረጥኩት ለጣቶቿ ነውና እሱን አልነካም አልኩ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የምግብ ጠረጴዛው ላይ አብረን ተቀመጥን። ስታቢላይዘሮቹ ከሰርኪዩት ቦርዱ ጋር የታሰሩት ከጀርባ በትናንሽ ብሎኖች ስለነበር መጀመሪያ 87ቱም ስዊቾች መነቀል ነበረባቸው። ሳይበየዱ የሚሰኩ ዓይነት በመሆናቸው በመንቀያ እያወጣሁ ሰፌድ ላይ ደረደርኳቸው። የስፔስ ባሩን ስታቢላይዘር ፈትቼ ሳሳያት እናቴ መነጽሯን አስተካክላ ጥቂት አየችውና፣ «ቅባት አብዝተውበታል» አለች። ቀጠለችና፣ «መኪናችንም ዘይት ሲበዛበት አቧራ እየሰበሰበ ይተበትበን ነበር። ጠብታ ነው የሚበቃው። እኛ ስንቴ በብሩሽ ጠርገነዋል» አለችኝ።

እውነቷን ነበር። ነጭ ወፍራም ቅባት የፕላስቲኩን ቤት እስከ አፉ ሞልቶታል። ሁሉንም ፈታታናቸው። ከፋርማሲ በተገዛ አልኮልና በጆሮ መጥረጊያ ጥጥ አጸዳን፤ መስኮቱን ከፍተን፣ ምድጃው ጠፍቶ። ከደረቁ በኋላ ተንሸራታቾቹን ያለ ቅባት ወደ ቤታቸው መለስናቸው። ገልበጥ ሲደረጉ በራሳቸው ክብደት መንሸራተት አለባቸው። አሁን ተንሸራተቱ።

ቀጥሎ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ መስተዋት ላይ አጋደምናቸው። ቀጥ ያለ ሽቦ ሁለቱም ጫፎቹ መስተዋቱን ይነካሉ። የስፔስ ባሩ ሽቦ አንዱ ጫፍ ከፍ ብሎ ነበር፤ አንዱን ሲጫኑት ሌላው ይነሳል። በፒንሳ ትንሽ እየገፋሁ፣ መስተዋት ላይ እየመለስኩ፣ ከአምስት ይሁን ከስድስት ሙከራ በኋላ ተስተካከለ። እዚህ ላይ ኃይል ሳይሆን ትዕግሥት ነው የሚጠቅመው።

በመጨረሻ መቀባቱ ሆነ። ይህን የሠራችው እናቴ ናት። በቀጭን የሥዕል ብሩሽ የቤቶቹን ውስጥ ግድግዳ ስስ አድርጋ ቀባች። ፕላስቲኩ ወዛ ይበል እንጂ ነጭ ነገር ተከምሮ መታየት የለበትም። ወፈር ያለው ቅባት የሚያስፈልገው የሽቦዋ ጫፍ ከተንሸራታቿ ጋር በሚነካካበት ቦታ ብቻ ነው፤ እዚያ ብረትና ፕላስቲክ ስለሚጋጩ ካልተቀባ ይንቃጨላል። እጇ ትንሽ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ብሩሹ ግን ከቦታው አልሳተም።

ስንገጥም ብሎኖቹን ከልክ በላይ አላጠበቅንም፤ ፕላስቲኩ ከተጨመቀ ተንሸራታቿ ትታነቃለችና። 87ቱንም ስዊች ከመመለሳችን በፊት የአምስቱን ሰፋፊ ቁልፎች ብቻ ሰክተን ሞከርን። የስፔስ ባሩን መሐሉን፣ ግራውን፣ ቀኙን ነካነው። ሦስቱም ጋ ወዲያው ተመለሰ። እናቴ ሁለቴ፣ ሦስቴ ደጋግማ መታችውና፣ «እንዴ፣ እኔ አይደለሁማ!» አለች።

ሁሉ ነገር ተስተካከለ አልላችሁም። አርትራይተሱን ኪቦርድ አያድነውም፤ በብርዳማ ጠዋት ዛሬም እጇን በሙቅ ውኃ ሳታፍታታ አትጽፍም። መዋጮ ለመመዝገብ ቤት ለቤት መዞሩ ስለሚከብዳት ለእሱ ረዳት እንዲሰጧት እድሩን ጠየቀች፤ ሰጧት። ቃለ ጉባኤውን ግን ለማንም አላስረከበችም። የቱን መተው፣ የቱን መያዝ እንዳለባት የወሰነችው አንድ የተሞላቀቀ ቁልፍ ሳይሆን ራሷ ናት።

ኪቦርዳችሁ ላይ ሰፊ ቁልፍ እየተጎተተ ከተመለሰ አዲስ ለመግዛት አትቸኩሉ። መጀመሪያ ክዳኑን፣ ቀጥሎ ስዊቹን፣ ከዚያ ቅባቱን፣ በመጨረሻ ሽቦውን ተራ በተራ ፈትሹ። ከመጀመራችሁ በፊት ከኮምፒውተሩ ንቀሉት፤ አልኮሉ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅም መልሳችሁ አትሰኩት።

ቤታችሁ ውስጥ ስልኩን፣ ሪሞቱን፣ የምድጃውን ማብሪያ ታግለው ታግለው «እኔ አርጅቻለሁ» ብለው የተዉ ወላጅ ካሉም ዕቃውን ተቀብላችሁ ራሳችሁ ሞክሩት። ያረጀው ወይም የተበላሸው ዕቃው ሊሆን ይችላል። እሳቸው ዝም ያሉት እናንተን ላለማስቸገር ብለው ይሆናል።